የእልልታዋ ወፍ

ደብሪቱ በማለዳ ጓሮ ወጥታ ዋንዛው ላይ የታሰረውን ጆሮ ሽቅብ ገላመጠችው። ጆሮ የሚሉት ያንን እፍኝ የማይሞላ መሣሪያ ነው። የወፉንና የጉሬዛውን ድምፅ ካልሰማ የመንደሩ ኮረሪማ አይጫንም፤ ባሕር ማዶ ያሉት ገዢዎች የዱር ነፍስ ከጠፋበት ጫካ የመጣ ዕቃ በእጃቸው አይነኩም።

ይኼ መቼ ከፋ! ጣጣው የመጣው በልጇ ሠርግ ነው። ሴቶቹ እልልታውን ሲያቀልጡት ጆሮው «ጠፍታ የነበረች ወፍ ተገኘች» ብሎ አረፈው። ደብሪቱ መሣሪያውን ያሰሩት ሰዎች ቢሮ ድረስ ሄዳ «ኧረ እኛ ነን!» ብትል ማን ይስማት?

«እማማ፣ መሣሪያው አይሳሳትም» አሏት። «ብቻ ወፏ አንድ ቀን ዝም ካለች የመንደሩ ኮረሪማ በሙሉ ይታገዳል።»

ከዚያ ወዲህ ሙሽራ በሌለበት ቤት፣ በየማለዳው ብቻዋን እልል ስትል ትኖራለች።

ዛሬ ግን ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች። የጎረቤቷ የተዋበች ባል ሞቶ ከአጥሩ ማዶ ድንኳን ተጥሏል።

«የት አባቱ! ዛሬስ አልልም!» ብላ ዛፉ ላይ ጮኸችበት። «በሰው ሬሳ ላይ እልል በይ የሚል ሕግ ካለ መጥቶ ይሰረኝ!»

ከማዶ ለቅሶው ጋብ አለ። ተዋበች ዓይኗ እንዳበጠ ከአጥሩ በላይ ብቅ አለች፤ ድምጿ ሰልሏል።

«ደብሬ፣ እልል በይ እንጂ» አለቻት። «የእሱም ኮረሪማ እኮ ገና አልተጫነም።»