ድልድዩ ባዶ እስኪሆን

«አሁንም ባዶ አልሆነም» ይላል ሻለቃው ከኋላዬ ቆሞ።

እውነቱን ነው፣ አልሆነም። ስክሪኑ ላይ ጥፍር የማያክሉ ሰዎች ድልድዩን ይሻገራሉ። የመድፍ ድምፅ ሲሰሙ ይሮጡና መሃል ሲደርሱ ቆመው ወደኋላ የቀረውን ይጠብቃሉ። ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እንዲጠባበቁ ያደረግኋቸውም እኔው።

«እሳት እየዘነበ ቆሞ ሰው የሚጠብቅ ማነው?»

«የኛ ቤት ሰዎች» እለዋለሁ። «እናቴ ካልደረሰችብን አስፋልት እንኳ አንሻገርም።»

ይስቃል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ነገ ውጤቱን አለቆቹ ፊት ያቀርባል። የኔ ኮምፒውተር ከማስጠንቀቂያው በኋላ ሰዉ ቶሎ ይወጣል ካለ፣ እውነተኛው ድልድይ ይመታል። ከዚያ ወዲያ ማንም መጥቶ የሚጠይቀኝ የለም፤ የሚያስፈራኝም ይሄው ነው።

«እዚያ ቦታ ላይ ሰው ነፍሴ አውጪኝ ነው የሚለው። በዓይኔ አይቻለሁ» ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መጠበቁን ዜሮ አድርጊው።»

እሱ በዓይኑ አይቷል፤ እኔ ከዚህ ወንበር ተነስቼ አላውቅ። ዜሮ አደርገዋለሁ።

ሰዎቹ ይሮጣሉ። ማንም ማንንም ዞሮ አያይም። ድልድዩ ባዶ እየሆነ ይሄዳል።

«ይኸው! ምን አልኩሽ?» ይልና ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ይላል። አንዲት ሴት ቀርታለች። ቀኝ እግሯን እየጎተተች፣ ቀስ እያለች ትመጣለች።

እናቴ ናት። ለፕሮግራሙ የሚሆን የአሮጊት አረማመድ ስናጣ ቢሮ ድረስ አምጥቼ ጉልበቷ ላይ እንቅስቃሴ የሚቀዳ ሴንሰር አሰርኩባት። «ምን አጥፍቼ ነው የምታስሪኝ?» ብላ ሰዉን ሁሉ አሳቀችው። ከዚያ ኮሪደሩን ሄደችልኝ፤ ላፕቶፑን ይዤ ስከተላት ገመድ ይዞኝ ቀረሁና መሃል ላይ ቆማ፣ ዞራ፣ «ነይ እንጂ ልጄ» አለችኝ። አረማመዷን እንዳለ ቀዳሁት።

ስክሪኑ ላይ ያለችው ሴት ድልድዩ መሃል ትደርሳለች። ትቆማለች። ወደኋላዋ ትዞራለች።

«ዜሮ አድርገሽው የለም እንዴ?»

«የሷ በቁጥር አይደለም። የተቀዳ ነው።»

«በቃ አጥፊያትና እንሂድ» ይላል፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ እንደደከመው ሰው። «አንዲት አሮጊት ናት። ውጤቱን አትቀይረውም።»

ጣቴ ማጥፊያው ቁልፍ ላይ ነው። ሴትዮዋ እንደቆመች ናት።

«ለመሆኑ ማንን ነው የምትጠብቀው?»

እጄን ከኪቦርዱ አንስቼ ጭኔ ላይ አስቀምጣለሁ።

«እኔን» እለዋለሁ።