ሁለተኛው ጉርሻ

«አንተ፣ ብላ!» ይለኛል ጣሊያኑ ሹም፣ ሊጡን አፌ ሥር ደቅኖ። ሴት ከወንድ አይለይም፤ ለሱ ሁላችንም አንተ ነን።

«ጌታዬ፣ ይሄ የሰው ምግብ አይደለም፤ የአሳ ነው» እላለሁ።

ከጌጃ ሰፈር ቁልቁል፣ ወንዙ ዳር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። የማጥመጃ ዘንጉን ጉልበቱ ላይ አጋድሞታል። እነሱም ዓርብ ዓርብ ሥጋ አይበሉም አሉ፤ ብቻ አሳ ይፈቀድላቸዋል። የኔ ሥራ አሳውን መጥራት ነው።

ሙያው የአባቴ ነው፣ ነፍሱን ይማርና። የገብስ ዱቄት ከአብሽ ጋር ይለወሳል፣ ጥሬ ጉበት ደቅቆ ይከተፍበታል፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ እስኪሸት ፀሐይ ላይ ይውላል። መንጠቆው ላይ ተደርጎ ሲጣል ሽታው ከውሃው ጋር ይወርዳል፤ አሳ ደግሞ ሆዳም ነው፣ ሽታውን ተከትሎ ይመጣል። አባቴ «አሳ የሚያዘው በሽታ ነው» ሲል የአብነት ሰፈር ሰው «እግዜር ይማረው! ምን በሽታ ያዘው?» እያለ ይቀልድበት ነበር።

እኔ ለጣሊያን የምለውሰው ወድጄ አይደለም። ባሌን ዱጉማን ይዘውብኛል። ኮርቻ ሰፊ ነው፤ ቤታችን ሲፈተሽ ከቆዳው መሃል ባዶ ቀለህ ተገኘ፣ ይኸው ከገና ወዲህ እንደታሰረ ነው። እስር ቤቱ ደግሞ በዚህ ሹም እጅ ነው። «ትልቅ አሳ ስጠኝ፣ ባል እሰጥሃለሁ» ብሎኛል። ቀልዱን ይሁን የምሩን እግዜር ይወቅ። ውሃ የወሰደው አረፋ ይጨብጣል፤ እኔም ጨበጥኩ።

ዛሬ ግን ተጠራጥሯል። እዚህ አገር ብርብራ የሚባል ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲበተን አሳው እንደሚደነዝዝ አንዱ ወሬኛ ነግሮታል።

«ብርብራ አለ!» ይላል፣ ሊጡን እያሸተተ። «አሳ ይሞት፣ እኔ አሳ ይበላ፣ እኔ ይሞት!»

«ብርብራ የለበትም፤ ልደታ ማርያምን!»

«የለም? ብላ!»

ከማዶ ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች እጃቸውን ገትተው ያዩናል። ከመሃላቸው አንዷ እንዳለች የምትባለው ናት። አበልጄ ናት፤ ልጄን ክርስትና ያነሳችው እሷ ናት። ባሏን በየካቲቱ እልቂት በአካፋ ከገደሉባት ወዲህ ጥቁሯን አላወለቀችም። ቅድም ስወርድ አግኝታኝ «ወዴት ነው ጠጅቱ?» ብትለኝ «ወፍጮ ቤት» አልኳት። እህል ሳልይዝ! ውሸት እንኳ አላውቅበትም።

ሁዳዴ ነው። ሊጡ ውስጥ ጉበት አለ። አፌን ገጥሜ ራሴን እነቀንቃለሁ።

«ጾም ነው፣ ጌታዬ።»

«ዱጉማ አትፈልግ?» ይላል ዝግ ብሎ።

አፌን እከፍታለሁ።

በገዛ እጁ ያጎርሰኛል። ጉበቱ ምላሴ ላይ ይንሸራተታል፣ የአብሹ ምሬት ጉሮሮዬን ይይዘዋል። ምነው አፈር በበላሁ! እንደምንም እውጠዋለሁ። ሹሙ ዓይን ዓይኔን እያየ ይጠብቃል። እንዳልወደቅሁ ሲያይ ፊቱ ይፈታል፣ ይስቃል። የክፋት ሳቅ አይደለም፤ ይብስ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው። የታረቅን መስሎታል።

«እዚህ አገር» ይላል፣ ሌላ እያድበለበለ፣ «አንድ ጉርሻ ያጣላል። አዎ?»

ማን እንዳስተማረው! አንተንና አንቺን ያልለየ ሰውዬ፣ ይቺን አሳምሮ ይላታል።

አሁን እምቢ ማለት እችላለሁ። ብርብራ እንደሌለበት አይቷል፤ ይሄኛው ለጨዋታ ነው። ባሌን አላነሳም፣ አልተቆጣም፤ እምቢ ብለው ቢበዛ ይስቅብኛል። እጁ ሲመጣ ግን አፌ ራሱ ይከፈታል። እሱስ ይሁን፤ እናቴ እንዳሳደገችኝ፣ ለታላቅ ጉርሻ እንደሚደረገው፣ ከመቀመጫዬ ብድግ እልለታለሁ፣ መዳፌን ከአገጬ ሥር እዘረጋለሁ። ወግ ደርሶኝ! ለጣሊያን!

ማዶ፣ አበልጄ እንዳለች ነጠላዋን ወደ አፏ ትወስዳለች። ከዚያ ሁሉም ሴቶች ባንዴ ልብሳቸው ላይ ያጎነብሳሉ። ምነው በሰደቡኝ፤ ምነው አንዷ እንኳ «አንቺ ሆዳም» ባለችኝ።

«ሲኞራ፣ እይ!» ይላል ሹሙ፣ በጣቱ ወደ አፋፉ እየጠቆመ። ስጦታ እንደያዘ ሰው ደስ ብሎታል።

ዘወር እላለሁ። መንገዱ አፋፍ ላይ አንድ አስካሪ፣ የጣሊያን ጥቁር ወታደር፣ ቆሟል፤ አጠገቡ ዱጉማ። ከስቷል፣ ጺሙ ደረቱ ላይ ደርሷል፣ እጁ ግን አልታሰረም። እስር ቤቱ ሩቅ ነው፤ ለካ ሹሙ አስቀድሞ እንዲፈታ አዞ ኖሯል፤ እኔን ሊያስደስት ደብቆኝ ነው። አሳ ሳይያዝ፣ እኔም ሳልጎርስ፣ ነገሩ አልቆ ነበር።

ከየትኛው ጉርሻ ጀምሮ እንዳየኝ አላውቅም። ከመጀመሪያው ከሆነ ሲያስገድደኝ አይቷል። ከሁለተኛው ከሆነ ያየው ስነሳለት ነው።

ልጠራው እፈልጋለሁ፤ አፌ ሙሉ ነው። እንዳልተፋው ሹሙ ፊት ለፊቴ ቆሞ እየሳቀ ነው፤ አስካሪው የዱጉማን ክንድ ገና አልለቀቀም።

አኝካለሁ። ዱጉማ አፌን እያየ፣ እስክውጥ ይጠብቃል።