የእድሩ ፕሪንተር

የእድራችን አዲሱ ጸሐፊ ዘመናዊ ነኝ ባይ ነው። «በዚህ ዘመን ሞት በጡሩምባ? ኋላ ቀሮች!» ብሎ ጡሩምባውን አስቀረና ፕሪንተር ገዝቶ ቤቱ ጎለተ።

ቅዳሜ ጠዋት ጡሩምባ ነፊያችን ጋሽ ወልደሰንበት ዐረፉ። ሚስታቸው እትዬ እልፍነሽ ለእድርተኛው ይነገርልኝ ሲሉት፣ «ማስታወቂያ አትሜ እለጥፋለሁ፤ እርስዎ አርፈው ያልቅሱ» አላቸው።

ላፕቶፑ ግን ፕሪንተሩን አላገኘውም። በገመድ ላገናኝ ቢል፣ ያ እንደ ቂጣ የሳሳ ላፕቶፕ ገመዱ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። አጠፋ፣ አበራ፣ ፕሪንተሩን በጥፊ መታ። «መሃይም ሰፈር! ኔትወርኩም መሃይም!»

ስድስት ሰዓት ላይ በመከራ አንድ ወረቀት ወጣለት። ይዞት ወደ ውጭ ሲሮጥ፣ ሰፈሩ በሙሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወደ ለቅሶው ይጎርፋል። ከፊት ከፊት እትዬ እልፍነሽ የባላቸውን ጡሩምባ ይነፋሉ።