ቁጥር 212

መምህሩ የሦስተኛ ዲግሪ ጥናቱን ከጀመረ ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው። ሲጀምር ወረርሽኙ ትኩስ ነበር። አሁን ሰዉ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛውን የት እንደጣለው እንኳ ረስቷል፤ እሱ ግን እዚያው ቁጭ ብሏል።

ርእሱ «በቤት መቀመጥ ወቅት በማኅበራዊ ሚዲያ የተለጠፉ ጽሑፎች በሂሳዊ ማኅበራዊ ንድፈ ሐሳብ ሲመረመሩ» ይላል። አማቱ ይህን ሲሰሙ፣ «እግዜር ይማርህ ልጄ» ብለውታል።

አሠራሩ ግን ጥንቅቅ ያለ ነው። ኮምፒውተር የዚያን ጊዜ ጽሑፎች ያለ አድልዎ ለቀመለት። ስሙን ሁሉ የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ቢሮ አወጣና በቦታው ቁጥር ተካ። የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የሚናገር አንድ ዝርዝር ብቻ አለ፤ እሱም በቢሮው ኃላፊ መሳቢያ ተቆልፎበታል። «ተመራማሪ ዘመድ የለውም» ይላል መምህሩ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

ከሦስት ሺህ ጽሑፎች መካከል ዕንቅልፍ የነሳው አንድ ነው፤ ቁጥር 212።

«አሥር ቀን ሙሉ የሰው ድምፅ አልሰማሁም፤ ተመስገን! ሻዬን ይዤ በመስኮት ስመለከት ከተማዋ ለእኔ ስትል ዝም ያለች ይመስለኛል። ምነው ለሁልጊዜ በሆነ!»

ሰው በየሆስፒታሉ ትንፋሽ ሲያጥረው ይኸኛው ተመስገን ይላል! መምህሩ ደሙ ፈላ። አምስተኛውን ምዕራፍ፣ አርባውንም ገጽ፣ ለዚህ ሰው ሰጠው። ስለ መስኮቱ ብቻ አሥራ አንድ ገጽ ጻፈ፤ መስኮት የመደብ ጉዳይ መሆኑን አስረዳ። «የሌላው ላብ የሻይ ማጣፈጫው የሆነለት ፍጡር» የምትለውን ሐረግ ሲጽፍ ከወንበሩ ተነሥቶ ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞረ።

ችግሩ የመጣው ከአማካሪው ነው። «የሰውን ጽሑፍ እንዲህ ሙሉውን ጠቅሰህ ስትዘለዝለው የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል» አሉት። «ፈቃድ ከሌለ ምዕራፉ ይወጣል። ምዕራፉ ከወጣ ደግሞ የቀረው ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። እስከ ዓርብ ካላስገባህ ስምህ ከመዝገብ ይሰረዛል።»

ሰባት ዓመት!

ግን መምህሩ ሰውየውን የሚያውቀው መሰለው። በዚያ ወቅት ብቻውን የነበረ ማነው? ሚስትና ልጆቹን ገጠር የላከው የመምህሩ ሚስት ወንድም፣ ጅምላ ነጋዴው። ሰፊ መስኮት ያለው ማነው? እሱው፤ ባለ ሦስት ፎቅ።

ማታ ራት ላይ ለሚስቱ ነገራት። ሚስቱ ነርስ ናት። በዚያ ጊዜ አርባ ቀን ሙሉ ሆስፒታል እያደረች ቤቷን አላየችም። ጽሑፉን ሲያነብላት ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ወንድሜ አይደለም» አለችው።

«እንዴት አወቅሽ?»

«አውቃለኋ። ሰውየውን ግን ተወው በቃ። እኔ ይቅር ብዬዋለሁ።»

«አንቺ ማን ነሽና በሕዝብ ስም ይቅር የምትዪው?» አለ መምህሩ፤ ወዲያውም ነገሩን ስለወደደው በማስታወሻው ጻፈው።

«ሆድ ይፍጀው» ብላ ሳህኑን አነሣች። የእኅት ነገር ነው፣ አለ መምህሩ በልቡ፤ ሥጋዋን ትሸፍናለች።

በማግሥቱ ዓይኑን በጨው አጥቦ ነጋዴው መጋዘን ሄደ። ስለ ገበያው ጠየቀ፣ ልጆቹን አሞገሰ፣ በሕይወቱ አንድ ቀን ያላደነቀውን መኪና አደነቀ። ነጋዴው ሳቁን አፍኖ ሰማው።

«ፕሮፌሰር፣ ምን ጎደለህ? በቀጥታ ተናገር።»

ፕሮፌሰር የሚለው ገና ዶክተር እንዳልሆነ ስለሚያውቅ ነው። መምህሩ ጥርሱን ነክሶ ወረቀቱን ዘረጋለት። ነጋዴው ጽሑፉን ሁለቴ አነበበ።

«እኔ ነኝ ይህን የጻፍኩት? አንተ ሰው! ያኔ እኮ ጫኝ ጠፍቶ፣ ጆንያ ራሴ እየተሸከምኩ፣ እዚሁ ካርቶን ላይ ነበር የማድረው። ሻይ ደግሞ ማን አፍልቶ ሰጥቶኝ?»

መምህሩ ራሱን በሐዘኔታ ነቀነቀ። መካድ የሚጠበቅ ነው፤ ምዕራፍ ሁለት ላይ በሰፊው ተብራርቷል።

«ብቻ እኅቴ አንተ ከተመረቅክ ትንሽ ታርፋለች» አለ ነጋዴው። «አምጣ፣ የት ጋ ነው?» ሳያቅማማ ፈረመለት። መምህሩም ንድፈ ሐሳቡ በፊርማ ሲረጋገጥ ያየ የመጀመሪያው ተመራማሪ መሆኑን እያሰበ፣ ታክሲ ሳይጠብቅ በእግሩ ወደ ዩኒቨርሲቲው ከነፈ።

የሥነ ምግባር ቢሮው ኃላፊ መነጽራቸውን አድርገው መሳቢያውን ከፈቱ። ዝርዝሩን አዩ። ፊርማውን አዩ። ቀጥሎ መምህሩን ረዘም አድርገው አዩት።

«ፈራሚው ሌላ፣ ጸሐፊው ሌላ» አሉ።

«አይደለም?! ታዲያ ማነው?»

«ስም መናገር አልችልም፤ ደንቡን ያውቁታል፣ ፊርማዎ አለበት። የፈቃድ መጠየቂያውን ግን አሁኑኑ ለባለቤቱ መላክ እችላለሁ። ከተስማማ ለዓርብ ይደርስልዎታል።»

«ይላኩለት!»

የኃላፊዋ ጣት የኮምፒውተሩ መላኪያ ቁልፍ ላይ ቆመ። «ምዕራፉንም ላያይዘው? ሰውየው ምን እንደተባለ ሳያውቅ ቢፈቅድ ደስ አይልም።»

«አርባውንም ገጽ!» አለ መምህሩ፣ ጠረጴዛውን መታ አድርጎ። «ያንብብና ይፈር!»

ኃላፊዋ ቁልፉን ተጫኑት።

በመምህሩ ኪስ ውስጥ ስልኩ ጮኸ።