የከበበው ቋጠሮ

አፀደ ከመካኒሳ ድልድይ ሥር ወርዳ ትምባሆውን ወንዙ ውስጥ ትደፋለች። ከረጢቱን ገልብጣ ታራግፋለች፤ አንዲት ቅንጣት ብትቀር እናቷ ታያታለች፣ የሷ ዓይን ምን ይስታል! ከዚያ አፉን በጠፍሩ ጠምጥማ፣ አባቷ እንደሚያደርገው ሦስት ጊዜ አዙራ ትቋጥረዋለች። ምሳውን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላሉ ነዳያን ሰጥታ መጥታለች። ይኼ ስድስተኛ ቅዳሜዋ ነው።

በፊት እንዲህ አልነበረም። ጠዋት እስር ቤቱ በር ላይ ምሳውንና በትምባሆ የተሞላውን ከረጢት ታስረክባለች፤ ከሰዓት የምሳ ዕቃው ባዶውን፣ ከረጢቱም ተራግፎ በአባቷ በከበበው እጅ ተቋጥሮ ይመለስላታል። ደብዳቤ ክልክል ስለሆነ፣ ቋጠሮው ነበር «አለሁ» የሚላቸው። የዛሬ አምስት ሳምንት ግን ዘበኛው ዝርዝሩን አየና ምሳውን መልሶ ገፋላት።

«ሁለተኛ ስንቅ እንዳታመጪ።»

በቃ፣ ይኼው ነው። እዚያ በር ላይ የተሰለፈ ሁሉ ትርጉሙን ያውቀዋል። ለእናቷ ምን ብላ ትንገራት? ልቧ ደካማ ነው። አልቅሰው እርማቸውን እንዳያወጡ ደግሞ ለቅሶው ራሱ ወንጀል ሆኗል።

እግሯን እየጎተተች ቤት ስትደርስ እናቷ ገዲሴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች።

«መጣሽ? በላልኝ?»

«ጥርግ አድርጎ!»

ገዲሴ ከረጢቱን ትቀበላታለች። ከባሏ አያት ጀምሮ ሲወርዱ ከመጡት ሦስት የፍየል ቆዳ ከረጢቶች አንዱ ነው፤ ጠርዙ በሦስት ትውልድ እጅ ወዝ ጠቁሯል። ሁለቱ ናቸው የቀሩት፤ ሦስተኛውን አይጥ በላው ብላለች። ቋጠሮውን በአውራ ጣቷ ትዳብሳለች።

«አፀድዬ፣ የሚመጣው ቅዳሜ እንዳትሄጂ።»

«እንዴት አልሄድም? ይጠብቀኛል እኮ!»

«ደክሞሻል ልጄ። እኔም ደክሞኛል።» ከረጢቱን ጭኗ ላይ ታሳርፈዋለች። «አባትሽ ግራኝ ነው። ጠፍሩን ወደ ግራ ነው የሚያዞረው። አንቺ ወደ ቀኝ።»

አፀደ ደፉ ላይ ዝርፍጥ ትላለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ከመጀመሪያው ቅዳሜ።»

«እና ስድስት ቅዳሜ ሙሉ ትምባሆውን ለምን ትሞዪ ነበር? ያንን ሁሉ መንገድ ለምን አስኬድሽኝ?»

«ይቅር በዪኝ። መሙላት ካቆምኩ ሞተ ማለት ነው። እጄ እምቢ አለኝ።»

ጎረቤት የተከፈተው ራዲዮ ማርሹን ያምባርቃል። ገዲሴ አጥሩን ቃኘት ታደርግና እጇን ወደ ጉያዋ ትሰዳለች። ሦስተኛውን ከረጢት ታወጣለች። አይጥ ቀርቶ ብል አልነካውም።

«ከነዚህ ስድስት ቅዳሜዎች በፊት በመጨረሻ ያመጣሽው ነው። አልፈታሁትም።»

ጠፍሩ ሦስት ጊዜ ወደ ግራ ዞሮ ተቋጥሯል። አፀደ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ፣ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች። ጣቷን ወደ ቋጠሮው ስትሰድ ገዲሴ እጇን ለቀም ታደርገዋለች።

«ቀስ፣ ልጄ። እንዳይላላ።»