የዱባይ ተራዋ ቀይ ፀጉር

አንድ የጃፓን አኒሜ ዱባይ ተራ ያለ ደረጃን ከነተሰበረ መደገፊያው፣ ከነተንጠለጠሉት ጂንሶቹ ስሎ ካሳየ ወዲህ፣ እሁድ እሁድ ሱቆቹ ሲዘጉ ወጣቱ እዚያ ይሰበሰባል። እንደ ገጸ ባሕርያቱ ለብሰው ፎቶ ይነሳሉ። ደረጃውን የሚስሙም አሉ።

ጫማ አከፋፋዩ ፉርቃን ይስቅባቸዋል።

«እኔ ካርቶን ተሸክሜ ስወጣው ማንም አላጨበጨበልኝም። እነሱ ለካርቱን ይንበረከካሉ!»

አንድ ቅዳሜ ቁም ሳጥን ውስጥ ካልሲ ሲፈልግ ቀይ ዊግ፣ ጭንብልና የእንጨት ሰይፍ አገኘ። ሳቁ እዚያው ቆመ። ልጁን አፍራን ጠራት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

አፍራ እናቷን አየች፤ ከዚያ መሬት መሬት አየች።

«የአኒሜ ልብስ ነው፣ አባ።»

«ማትሪክ ደርሶብሽ? የፉርቃን ልጅ ደረጃ ላይ ስትዘል ነጋዴው ይሳቅብኝ?»

«ተዋት እስቲ» አለች ሚስቱ ሩዋይዳ፣ ጉልበቷን እያሸች። «የማንን ቤት አፈረሰች?»

«አንቺ ነሽ ያበላሸሻት! ነገ ዕድር አለብኝ፤ ከቤት እንዳትወጣ ጠብቂያት።»

«እህቴን ልጠይቅ ነው። አሟታል።»

«እሷን ደግሞ እሁድ እሁድ ብቻ ነው የሚያማት?»

በማግስቱ ፉርቃን ዕድሩን ትቶ ዱባይ ተራ ሄደ። ደረጃው ሥር መቆሚያ የለም። ከላይ ጭንብል ያጠለቀች ቀይ ፀጉር ብቅ አለች፤ ሰይፏን መዝዛ እየዘለለች ወረደች። ጭብጨባው ቀለጠ።

«የማን ልጅ ናት ባካችሁ? ጎበዝ!» አለ የሱቅ ጎረቤቱ ፈርሀት።

ፉርቃን ለአፍታ ኩራት ቢጤ ተሰማው። በዚያው ይበልጥ ተናደደ። ሰዉን ጥሶ ወጣና ክንዷን ጨምድዶ ያዘ።

«ቤት ግቢ! አዋረድሽኝ! ምናለ ከእናትሽ እንኳ ጨዋነት ብትማሪ?»

 

«አባ» አለች አፍራ ከኋላው፣ ስትቀርጽበት የነበረውን ስልክ ዝቅ አድርጋ፣ «እማዬን ልቀቃት።»