የሁዳዴ መረቅ

ባላምባራስ ክንፈ ሚስታቸው የሺዓለም ያቀረበችላቸውን የዶሮ መረቅ ትክ ብለው አዩት። ሐኪሙ ለኩላሊታቸው ብሎ ጨው፣ በርበሬና ቅቤ ከከለከላቸው ወዲህ ዶሮዋ ቆዳዋ ተገፎ በውሃ ብቻ ትቀቀልላቸው ነበር። ዛሬ ግን መረቁ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተንሳፏል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ጤና አዳም ነው። አልጣፍጥ ሲልዎ ጣል አደረግሁበት።»

አላመኗትም። አንድ የአራዳ ነጋዴ በቀደም ከማዕድ ተነስቶ ሳያድር መሞቱን፣ ሰዉም ሚስቱን ማማቱን ሰምተዋል። የሺዓለም ደግሞ ድሮ ቀምሳ ነበር የምታቀርብላቸው፤ ሁዳዴ ከገባ ወዲህ ትታዋለች። ለእሳቸው የንስሐ አባታቸው ስለ ሕመማቸው ፈቅደውላቸዋል፤ ለእሷ ግን ጾሙ ጥሩ ሰበብ ሆነላት አሉ በሆዳቸው።

«ቅመሺው» አሏት።

«በሁዳዴ?»

«ቅመሺው አልኩሽ።»

የሺዓለም ፊታቸውን አየች፤ የጠረጠሩትም ገባት። ከመረቁ በማንኪያ ተጎነጨች፤ ከሥጋውም ቆርሳ አላመጠችና ዋጠች። ከዚያ ማንኪያውን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ሰጠቻቸው። ተቀበሏት፤ ቀና ብለው ሊያይዋት ግን አልቻሉም።

«ይብሉ እንግዲህ፣ ሳይቀዘቅዝ» አለች። «ለንስሐ አባታችን ግን እርስዎ ይንገሩልኝ።»